ቅሬታዎ መልስ እንዲያገኝ፦ የአእምሮ ሕሙማንን በሚያዋርድ ዝግጅት ላይ አቤት ሲሉ

አቅራቢው «ይሄማ አማኑኤል መግባት ያለበት ነው» ብሎ ይስቃል፤ ስቱዲዮውም አብሮ ይስቃል። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ የዩቲዩብ ቻናል ጎዳና ላይ ያገኘውን የታመመ ሰው ፊቱን እንኳ ሳይሸፍን እየቀረጸ «ምን ሆነህ ነው ያበድከው?» ይለዋል። ቤቱ ውስጥ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ወይም እህት ያለው ተመልካች ሪሞቱን አንስቶ ያጠፋል፣ ይበግናል፣ ማታ ፌስቡክ ላይ ሁለት መስመር ይጽፋል፤ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ጣቢያው ያልደረሰውን ንዴት አያርምም። ይህ መመሪያ ንዴቱን ወደ ደብዳቤ፣ ደብዳቤውንም መዝገብ ቤት ወደሚያውቀው ጉዳይ መለወጥ ለሚፈልጉ ነው።

በምን ላይ አቤት ይባላል?

ያስቀየመ ሁሉ ጥፋት አይደለም። ድራማ ውስጥ የታመመ ገጸ ባሕርይ መኖሩ፣ ያ ገጸ ባሕርይ ክፉ ሥራ መሥራቱም ቢሆን፣ ብቻውን ለቅሬታ አያበቃም። ደራሲ ነጻነት ያስፈልገዋል፤ ስለ አእምሮ ሕመም ጨርሶ ትንፍሽ የማይል ቴሌቪዥንም ከሚሳሳተው አይሻልም። ስለዚህ ወረቀት ከማንሳትዎ በፊት ጉዳዩ ከሚከተሉት በየትኛው እንደሚወድቅ ይለዩ።

የመጀመሪያው ሊጣራ የሚችል ሐሰት ነው። «ይህ በሽታ ያለበት ሁሉ አንድ ቀን ሰው ይገድላል»፣ «መድኃኒቱ ያደነዝዛል እንጂ አያድንም፣ ጣሉት» የሚሉት ዓይነት። ከምሳሌዎቹ ሁለተኛው፣ የመድኃኒቱ ነገር፣ በእኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መድኃኒቱን በድንገት ያቋረጠ ሰው ሕመሙ ብሶ ሊያገረሽበት ይችላል። ነገር ግን ቅሬታዎ በጠበል ወይም በጸሎት ላይ እንዳይመስል አድርገው ይጻፉ፤ እንዲያ ከመሰለ ክርክሩ የሃይማኖት ይሆንና ዋናው ነገር ይጠፋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በኤችአይቪ ጉዳይ መንገዱን አሳይታለች፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ተናግረዋል። የእርስዎም ጥያቄ «መድኃኒት አቋርጡ የሚለው ይታረም» ብቻ ይሁን።

ራስን የማጥፋት ዘገባ ሌላው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጋዜጠኞች መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን መጨረሻ ያሻሻለው በ2023 ነው። ዘዴው በዝርዝር እንዳይገለጽ፣ ቦታው ጎልቶ እንዳይነገር፣ የተተወው ማስታወሻ እንዳይነበብ፣ ምክንያቱ በአንድ ነገር ላይ እንዳይላከክ፣ እርዳታ የሚገኝበት እንዲጠቆም ይመክራል። ይህ ለይሉኝታ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በቪየና በምድር ውስጥ ባቡር ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች በበዙበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ጋዜጦቹ አዘጋገባቸውን ሲለውጡ፣ ቁጥሩ በስድስት ወር ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ ወርዷል። ዘገባው ዘዴውን ደረጃ በደረጃ ከዘረዘረ ቅሬታዎ ጠንካራ ነው፤ ይህንንም ቀን ሳያሳድሩ በስልክ ማሳወቅ ይገባል፤ ደብዳቤው ቆይቶ ይደርሳል።

የሰው ገመና ማውጣት ሦስተኛው ነው፤ ከሁሉም የሚከፋውና ሰዎች «በጎ ሥራ ነው» ብለው የሚያልፉትም ይኸው ነው፤ ወደ ኋላ ለብቻው እመለስበታለሁ። ከእነዚህ ውጭ የሚቀረው ስድብና ማላገጥ ነው። ስድቡ ያማል፣ ቅሬታ ለማሸነፍ ግን ከሁሉም ደካማው ምክንያት ነው። «አስቀየመኝ» ለሚለው ጣቢያው «እኛ ደግሞ ቀልድ ነው ያልነው» ይላል። «ሐሰት ነው» ለሚለው ግን ማስረጃ ማምጣት ይጠበቅበታል።

የብሪታንያ ጋዜጦች ልምድ ይህን በደንብ ያስተምራል። ጋዜጦቹ በፈቃዳቸው የሚተዳደሩበት የአዘጋጆች ደንብ አንቀጽ 12 በአእምሮ ሕመም ምክንያት ሰውን ማንቋሸሽ ይከለክላል፤ የሚጠብቀው ግን ስሙ የተጠቀሰን ግለሰብ እንጂ ሕሙማንን በጅምላ አይደለም። ስለዚህ «ሕሙማንን ሁሉ ሰደባችሁ» የሚል አቤቱታ በዚያ አንቀጽ ይወድቃል፤ ያው ጉዳይ አንቀጽ 1 ላይ፣ ማለትም በትክክለኛነት ላይ ሲመሠረት ግን የመታየት ዕድል አለው። እዚያው አገር ዘ ሰን ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003 የቀድሞውን የቦክስ ሻምፒዮን ፍራንክ ብሩኖን ሆስፒታል መግባት በሚያላግጥ ርእስ አወጣ። አንባቢዎችና የአእምሮ ጤና ድርጅቶች ወዲያው ስልክ ሲያዘንቡበት፣ ቀጥሎ የወጣው እትም ርእስ ተለወጠ። ፍጥነት ያለው ቅሬታ የሚሠራው እንዲህ ነው።

ቅጂውን ሳይጠፋ ይያዙ

ዝግጅቱ ከመረብ ላይ ሊነሣ፣ ሊቆረጥ ወይም ርእሱ ሊቀየር ይችላል። ሬዲዮና ቴሌቪዥንም የተላለፈውን ሁሉ ለዘለዓለም አያስቀምጡም። ስለዚህ ማስረጃው በእጅዎ መሆን አለበት። ዩቲዩብ ወይም ቲክቶክ ከሆነ አድራሻውን ይገልብጡ፣ ስክሪኑን ይቅረጹ፣ የቻናሉን ስም፣ የተለቀቀበትን ቀንና የተመልካቹን ቁጥር የሚያሳይ ፎቶ ያንሡ። ቴሌቪዥን ከሆነ በስልክ የተቀረጸው ስክሪን ከምንም ይሻላል። ከአስቀያሚው አረፍተ ነገር በፊትና በኋላ ያሉትን ጥቂት ደቂቃዎችም ያስቀሩ፤ «ከዐውዱ ተገንጥሎ ነው» የሚለውን መልስ የሚዘጋው እሱ ነው።

ቀጥሎ የተባለውን ቃል በቃል ይገልብጡት። በራስዎ አነጋገር አያሳጥሩት፣ አያክፉትም። ሰዓቱን ሲጽፉ ይጠንቀቁ፤ «2 ሰዓት» ያሉት ማታ ነው ጠዋት? በእኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ? ከባሕር ማዶ የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች መዝገባቸው በሌላ ሰዓት ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ይጻፉ፦ «ከምሽቱ 2፡15 (20፡15)»። ቀኑንም ከነዕለቱ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የቅጂ ክፍሉ ሠራተኛ ፈልጎ ካላገኘው «እንዲህ ያለ ዝግጅት አላስተላለፍንም» ተብሎ ይመለስልዎታል።

አንድ ነገር አደራ፦ ቅጂውን ለምስክርነት ያስቀምጡት እንጂ «እዩት ጉዱን» ብለው በቴሌግራም አይበትኑት። የተዋረደውን ሰው ዳግም የሚያዋርደው፣ ለቻናሉም ተመልካች የሚጨምርለት ይኸው ነው።

በየትኛው በር ይገባል?

መጀመሪያ ጣቢያው ራሱ። ደብዳቤው ለአቅራቢው ሳይሆን ለዋና አዘጋጁ ወይም ለሥራ አስኪያጁ ይጻፍ። አቅራቢው ጉዳዩን እንደ ግል ጠብ ይወስደዋል፤ አዘጋጁ ግን ኃላፊነት አለበት፣ ብዙ ጊዜም ነገሩን የሚሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ከእርስዎ ነው። እዚህ ላይ ሳይሞክሩ ወደ ላይ መዝለል አዋጭ አይደለም፤ የላይኛው አካል በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ለጣቢያው አሳውቀዋል?» ብሎ ነው።

ጣቢያው ዝም ካለ ወይም መልሱ ካላረካዎት ሁለት መንገድ አለ። የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት ሚዲያዎቹና የሙያ ማኅበራቱ ራሳቸውን በራሳቸው ለመቆጣጠር ያቋቋሙት ነው፤ የሥነ ምግባር ደንብ አለው፣ አባል በሆኑ ሚዲያዎች ላይ የሚቀርብ ቅሬታንም ይመለከታል። መንገዱ የሙያ ወቀሳና እርማት ስለሆነ፣ የጣቢያው አዘጋጆች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ሙያ ውስጥ አንዳንዴ ከቅጣት የበለጠ ይሰማቸዋል። ሌላው የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ፣ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው፤ ሥልጣኑ የተመሠረተው በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሲሆን አዋጁ ሬዲዮና ቴሌቪዥንን ብቻ ሳይሆን በበይነ መረብ የሚሠራ ሚዲያንም ይጨምራል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም ማሻሻያ ስለተደረገበት፣ አንቀጽ ሲጠቅሱ ከአሮጌ ቅጂ እንዳይሆን። ነጋሪት ጋዜጣውን አግኝተው ራስዎ ያንብቡት፤ ስለ ሰው ክብር፣ ስለ ትክክለኛነትና ስለ መልስ መስጠት መብት የሚሉትን ቦታዎች ያስምሩባቸው።

ነገሩ ማስታወቂያ ከሆነ ሕጉ ሌላ ነው፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሕሙማንን ክብርና ስሜት የሚነካ ማስታወቂያን ከሚከለክላቸው ውስጥ ቆጥሮታል። «ዕብደትን በሦስት ቀን እንፈውሳለን» የሚል የባህል መድኃኒት ማስታወቂያ ካጋጠመዎ ግልባጩን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ያድርጉ።

የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አካል ጉዳተኝነትንም ስለሚጠቅስ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመዘው እሱን ነው። አይቸኩሉ። ያ የወንጀል ሕግ ነው፤ ሆን ተብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግርን ይመለከታል። ለአንድ ያልበሰለ ቀልድ ይህን መጥቀስ ቅሬታዎን የተጋነነ ያስመስለዋል፤ አስቂኝ ባልሆነ ቀልድ ሰው ይታሰር የሚል አቋምም ያሲዝዎታል። «እነዚህን ከሰፈር እናባርር» የሚል ቅስቀሳ ሲያጋጥም ግን ያን ጊዜ ይጥቀሱት።

ከሁሉም በላይ ለደብዳቤ የሚመቸው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም አጽድቃዋለች፤ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል፤ አንቀጽ 8 ደግሞ መገናኛ ብዙኃን አካል ጉዳተኞችን ለክብራቸው በሚመጥን መንገድ እንዲያቀርቡ መንግሥት እንዲያበረታታ ያስገድዳል። ለባለሥልጣኑ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። አንድ ደብዳቤ አንድ ዝግጅት፣ አንድ ዝግጅት ቢበዛ ሁለት ጥፋት፣ በመጨረሻም ጣቢያው በሳምንት ውስጥ ሊፈጽመው የሚችል አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ። በቢሮዎች የሚደርሰው አቤቱታ አብዛኛው እንዲህ ነው፦

«ጣቢያችሁ ሁልጊዜ የአእምሮ ሕሙማንን ይሰድባል። ይህ በባህላችንም በሃይማኖታችንም ነውር ነው። አዘጋጁ በአስቸኳይ ከሥራ ይባረርልን፣ ጣቢያውም ይዘጋልን።»

ይህን ያነበበ ሰው ምን ፈልጎ ምን ያርም? የትኛው ቀን፣ የትኛው ቃል? ይህንኑ እንዲህ ያዙሩት፦

«ጉዳዩ፦ እርማት ስለመጠየቅ። ረቡዕ ኅዳር 12 ከጠዋቱ 2፡15 (8፡15) ገደማ በተላለፈው የማለዳ ዝግጅታችሁ፣ አቅራቢው ስለ አንድ ግድያ ሲናገሩ ‹እነዚህ ሰዎች መለቀቅ የለባቸውም፣ ሁሉም አንድ ቀን ይገድላሉ› ብለዋል። ተጠርጣሪው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ያረጋገጠ ሐኪምም ሆነ የፖሊስ ኃላፊ በዝግጅቱ አልተጠቀሰም። ‹ሁሉም ይገድላሉ› የሚለውም ስሕተት ነው፤ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በማንም ላይ ጥቃት አያደርሱም። እርማቱ በዚያው ዝግጅት፣ በዚያው ሰዓት እንዲነበብ፣ ክፍሉም ከዩቲዩብ ገጻችሁ እንዲቆረጥ እንጠይቃለን። መልሳችሁን እስከ ኅዳር 30 እንጠብቃለን።»

«አብዛኞቹ» የምትለዋን ቃል ይያዙልኝ። «የአእምሮ ሕመምተኛ በጭራሽ ሰው አይጎዳም» ብለው ከጻፉ የጣቢያው ሰው አንድ የፍርድ ቤት ዜና አምጥቶ ያፈርስብዎታል። ሕክምና ያላገኘ ከባድ ሕመም፣ በተለይ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ሲጨመርበት፣ አንዳንዴ ጥቃት ያስከትላል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ይልቅ ሚዛኑን ያሳዩ። በቡታጅራ ለዓመታት የተደረገው ክትትል ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ እጅግ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ አዘጋጁ ስለ አደጋ መናገር ከፈለገ አደጋው በዋናነት ማን ላይ እንዳለ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ስም መፈረም ግዴታ ይመስላል፤ ሕመምዎን መግለጥ ግን ግዴታ አይደለም። «ታማሚ ነኝ» ወይም «ልጄ ታማሚ ነው» ሳይሉ እንደ ተመልካች ብቻ መጻፍ ይችላሉ። ሰፈሩ ጠባብ ከሆነ፣ መሥሪያ ቤትዎም እንዳይሰማ ከፈለጉ፣ የታካሚዎች ወይም የቤተሰቦች ማኅበር በማኅተሙ እንዲያቀርብልዎ ይጠይቁ። ማኅተም ያለው ደብዳቤ በእኛ ቢሮዎች ያለውን ክብደት ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ሲያስገቡ ሁለት ቅጂ ይያዙ። አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፤ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና የተቀባይ ፊርማ ያስጽፉ። «ለጸሐፊዋ ሰጥቻታለሁ» ማስረጃ አይደለም። በኢሜይል ከላኩም «መድረሱን አሳውቁኝ» ብለው ይጨምሩ። ለተቆጣጣሪው ግልባጭ ማድረግን ለሁለተኛው ደብዳቤ ቢያቆዩት ይሻላል፤ በመጀመሪያው ላይ ካደረጉት ጣቢያው ከማረም ይልቅ ለመከላከል ይዘጋጃል።

የታመመን ሰው እየቀረጹ «እንርዳው» የሚሉ ቪዲዮዎች

ወደዚህ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ቀራጩ ዳቦና ልብስ ይዞ ይመጣል፣ ሰውየው ግራ ተጋብቶ ይናገራል፣ ሙዚቃ ይገባል፣ የባንክ ቁጥር ይለጠፋል። አንዳንዱ በእውነት ይረዳል። ነገር ግን ሕመሙ በጸናበት ሰዓት ያለ ሰው «እሺ ቅረጸኝ» ቢል እንኳ ያ ፈቃድ አይባልም። ከዓመት በኋላ ታክሞ ድኖ ሥራ ሲፈልግ፣ ቀጣሪው ስሙን ሲያስገባ የሚመጣለት ያ ቪዲዮ ነው። በሰንሰለት ታስሮ ሲጮህ የተቀረጸም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ጠንካራው ሕግ አዲሱ አይደለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይቀርብ፣ እንዳይባዛ ይከለክላል። አንቀጽ 28 እንደ አደባባይ ክስተት ያሉ ልዩ ሁኔታዎችን ስለሚያስቀምጥ ቀራጩ «ጎዳና ላይ ነው ያገኘሁት» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ አንድን ሰው ለብቻው ይዞ ስለ ሕመሙ መጠየቅ ግን የአደባባይ ክስተት ነው ለማለት ያስቸግራል። አንቀጽ 29 ማስቆምንና ካሣን፣ አንቀጽ 30 ደግሞ ባለቤቱ ሐሳቡን መግለጽ በማይችልበት ጊዜ መብቱ ወደ ቤተሰቡ እንደሚሄድ ይደነግጋሉ። ስለዚህ ወንድም፣ እናት፣ ሚስት ዝም ብለው የሚመለከቱ አይደሉም። መጀመሪያ ለቻናሉ ባለቤት አንቀጹን ጠቅሰው ይጻፉ፤ ብዙዎቹ ሕጉ መኖሩን ስለማያውቁ በዚህ ብቻ ያነሡታል።

እምቢ ካለ የዩቲዩብን የግላዊነት አቤቱታ ቅጽ ይጠቀሙ። ቅጹን መሙላት ያለበት በመርህ ደረጃ የተቀረጸው ሰው ራሱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ነው፤ ኮምፒውተር ማግኘት ለማይችል ሰው፣ ለሕፃናትና ለሟች ግን ሌላ ሰው ሊሞላ ይችላል። ፊቱ የሚታይበትን ደቂቃና ሰከንድ፣ ስሙ ወይም ሰፈሩ የተጠራበትን ቦታ በትክክል ያስገቡ። ዩቲዩብ አብዛኛውን ጊዜ ለለቀቀው ሰው 48 ሰዓት ይሰጠዋል፤ ካላስተካከለ ራሱ ያየዋል። የማያውቁት ሰው ቪዲዮ ከሆነና ቤተሰቡን ማግኘት ካልቻሉ በተራው የሪፖርት ማድረጊያ ቁልፍ ያሳውቁ። «ፊቱ ይሸፈን» ብሎ መጠየቅም አንድ መንገድ ነው፤ ቀራጩ የልገሳ ቪዲዮውን ሳያጣ ሊፈጽመው ስለሚችል ቶሎ ይሁንታ ያገኛል።

ባሕር ማዶ ላሉ

ጣቢያው ፈቃድ ያወጣበት አገር ነው ወሳኙ። በብሪታንያ ፈቃድ ባለው ጣቢያ ላይ ኦፍኮም ቅሬታ የሚቀበለው በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው፤ ለቢቢሲ ከሆነ መጀመሪያ ለራሱ ለቢቢሲ ይቀርባል። በእስራኤል ለንግድ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ሁለተኛው ባለሥልጣን የሚባለው ተቋም የሕዝብ አቤቱታ ተቀባይ አለው። በአሜሪካ ግን የመናገር ነጻነት ሕጉ ሰፊ ስለሆነ የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በእንዲህ ያለ ይዘት እጁን አያስገባም፤ እዚያ የሚሠራው ለአዘጋጁና ማስታወቂያ ለሚያስነግረው ድርጅት በቀጥታ መጻፍ ነው። በማኅበረሰብ ጣቢያ ላይ ማስታወቂያ የሚያስነግረው ምግብ ቤት ወይም የገንዘብ ላኪ ድርጅት አንድ ጨዋ ደብዳቤ ሲደርሰው ስልክ ማንሣቱ አይቀርም።

መልስ ሲመጣ

ቀነ ገደቡ ካለፈ በአንድ አረፍተ ነገር አስታዋሽ ይጻፉ፣ የመጀመሪያውን የገቢ ቁጥር ጠቅሰው። ያም ካለፈ ሁለቱንም አያይዘው ወደ ምክር ቤቱ ወይም ወደ ባለሥልጣኑ ይሂዱ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ራሱ ጉዳይዎን ካጓተተ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ የሰብአዊ መብት ጥሰት ደረጃ የደረሰ ከሆነም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን።

ብዙ ጊዜ ግን የሚመጣው መልስ ከእርማትም ከእምቢታም የተለየ ነው፦ ስልክ ይደወልና «እስቲ እርስዎ ይምጡና ፕሮግራም እንሥራ» ይባላሉ። ጥሩ ነው፤ እሺ ከማለትዎ በፊት ግን እርማቱ በተናጠል እንዲነበብ ቃል ያስገቡ፤ ግብዣው እርማቱን እንዳይተካው። ባለሙያ ይዘው ይሂዱ፣ የአእምሮ ሐኪም ወይም የአእምሮ ጤና ነርስ። ከሕመም ያገገመ ሰው ተሞክሮውን ሊናገር ፈቃደኛ ከሆነ ፊቱና ስሙ ይታይ እንደሆነ፣ ድምፁ ይቀየር እንደሆነ፣ በቀጥታ ይተላለፍ ወይስ ተቀርጾ፣ ሐሳቡን ከለወጠ እስከ መቼ ማስቆም እንደሚችል፣ ቅጂው ዩቲዩብ ላይ ይጫን አይጫን አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማማ። የሚቀርቡትን ጥያቄዎች ዝርዝር አስቀድመው ይጠይቁ። «ስንት ጊዜ ታስረሃል?» የሚለው ጥያቄ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ እንዲወጣ ያድርጉ።